ወንድነትና ሴትነት በሄቪ ሜታል ሙዚቃ ዘንድ
(ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ወንድነት ምን እንደ ሆነ ለወጣት የሚያስተምሩት ቤተ ሰቡና ተማሪ ቤቱ ብቻ አይደሉም፤ ዘፈንም ያስተምረዋል። በኢትዮጵያ ሽለላና ፉከራ ወንድ ልጅ በሰው ፊት እንዴት መቆም እንደሚገባው ሲያሳዩ ኖረዋል። በሌላውም ዓለም ይህንኑ ተግባር የያዘ ሙዚቃ አለ። ከእነዚሁም አንዱ «ሄቪ ሜታል»፣ በትርጓሜው «ከባድ ብረት»፣ የተባለው ነው። ጩኸቱና ጥቁር ልብሱ ወላጅንና አስተማሪን ስለሚያስደነግጡ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይወገዛል። ነገር ግን ተማሪው የሚሰማውን ሳያውቁ ተማሪውን መምከር ያስቸግራል። ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አመጣጡን መመልከት ይገባል። የዚህ ሙዚቃ ዋና የትውልድ ስፍራ በእንግሊዝ አገር የምትገኘው የፋብሪካና የብረት ሥራ ከተማ በርሚንግሃም ናት። በዚህች ከተማ በ1968 ብላክ ሳባት የተባለውን የሙዚቃ ጓድ ያቋቋሙት አራት ወጣቶች የሠራተኛ ቤተ ሰብ ልጆች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ጊታር መቺው ቶኒ አዮሚ በ1965፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ በብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ መኪና ቈረጠበት። በእጁ ጉልበት ለሚያድር ወጣት ይህ ከባድ ውድቀት ነበር። እሱ ግን ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ አበጀላቸው፤ ቆየት ብሎም የጊታሩን አውታሮች ስላላላቸው ድምፁ ወፈረ፣ ከበደም። እንግዲህ የኃይለኛነት ምልክት ተደርጎ የሚሰማው ድምፅ የቈሰለ እጅ ሥራ ነው።

አሜሪካዊው የሙዚቃ ሊቅ ሮበርት ዎልሰር በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ነገር በሰፊው መርምረዋል። እንደ እሳቸው አስተያየት፣ ወንድ ልጅ ብርቱና ባለ ሥልጣን መሆን አለበት እየተባለ የሚያድገው ወጣት ገንዘብም ሥልጣንም የለውም፤ ስለዚህ ያጣውን ኃይል በሙዚቃው ውስጥ ይፈልገዋል። ጕዳቱም ከዚሁ ላይ ነው። በብዙዎቹ ዘፈኖች ሴት ጭራሽ አትገኝም፤ በሌሎቹም እንደ ፈተና ወይም እንደ አደጋ ሆና ትቀርባለች። ይህን አስተማሪ በዝምታ ሊያልፈው አይገባም።

ሁለተኛው ነገር የልብሱ ጉዳይ ነው። የጁዳስ ፕሪስት ዘፋኝ ሮብ ሃልፎርድ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቆዳ ልብስና ብረት የተመታበት ቀበቶ ለብሶ፣ በሞተር ብስክሌት ተቀምጦ ወደ መድረክ ይወጣ ነበር። በየአገሩ ያሉ ወጣቶች ይህን አለባበስ የወንድነት ማረጋገጫ አድርገው ተከተሉት። በ1998 ሃልፎርድ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅር ሰው መሆኑን በቴሌቪዥን ገለጸ። ሰሚዎቹ ግን አልከዱትም፤ በ2003 ወደ ጓዱ ሲመለስ በደስታ ተቀበሉት። እንዲሁም በ1985 የአሜሪካ ሴናት ስለ ዘፈን ግጥሞች ምርመራ ባደረገ ጊዜ፣ በመድረክ ላይ ፊቱን እንደ ሴት የሚኳለው ዲ ስናይደር ቀርቦ፣ ባለ ትዳርና የልጅ አባት፣ ክርስቲያን፣ መጠጥም ሲጋራም የማይቀምስ መሆኑን አስረዳ። ከልብሱ ተነሥቶ ጠባዩን የገመተ ሰው በሁለቱም ዘንድ ይሳሳት ነበር።

ሦስተኛው የሴቶች ድርሻ ነው። ገርልስኩል የተባለው የሴቶች ጓድ በ1978 በሎንዶን ተቋቋመ፤ በ1981ም ከሞተርሄድ ጋር ያወጣው ሸክላ በእንግሊዝ ሽያጭ ተራ 5ኛ ሆነ። ጀርመናዊቷ አንጌላ ጎሶው ደግሞ በ2001 ከአርች ኤነሚ ጋር ባወጣችው አልበም፣ የወንድ ብቻ ይመስል የነበረውን የሚያጓራ ድምፅ ሴት ልታወጣው እንደምትችል አሳየች። ይሁን እንጂ ሴት የምትከበረው እንደ ወንድ ስትሆን ብቻ ከሆነ እኩልነቱ ገና ጎደሎ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል ቋንቋውን ለውጦ በዚያም ይኖራል ማለት ነው።

ለመምህራን ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ ከኢንዶኔዥያ የተገኘው ነው። በምዕራብ ጃቫ፣ በጋሩት አውራጃ፣ በአንድ የእስላም ተማሪ ቤት ይማሩ የነበሩ ሦስት ልጃገረዶች በ2014 ቮይስ ኦፍ ባቼፕሮት የተባለውን ጓድ መሠረቱ። ይህን ሙዚቃ ያሰማቸውና ያበረታታቸው የተማሪ ቤቱ የምክር አስተማሪ ነበር። ሥራው ለሴት ልጅና ለሃይማኖቷ አይገባም ተብለው ተነቀፉ፤ እነሱ ግን ሻሻቸውን ሳያወልቁ፣ ሴትነታቸውንም ሳይደብቁ ቀጠሉ። በ2024 በእንግሊዝ አገር በታወቀው የግላስተንበሪ በዓል ላይ ከኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው ጓድ ሆነው ተጫወቱ።

እንግዲህ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ የመጣውን ተማሪ አስተማሪው ከመገሠጹ በፊት ምን እንደሚሰማና በዚያ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ ቢጠይቀው መልካም ነው። ሴትን የሚያዋርድ ግጥም ቢያገኝም ከተማሪዎቹ ጋር በግልጽ ይመርምረው እንጂ ሙዚቃውን በሙሉ አይኰንን። ጊታር ያነሣችው ተማሪ ሴት በሆነች ጊዜም፣ «ይህ የወንድ ነው» ብሎ ከእጅዋ የሚነጥቃት እንዳይኖር መጠበቅ የተማሪ ቤቱ ፈንታ ነው።