ደረጃው የማን ነው? የጋራ ሕንፃ ኑሮና የባለቤትነት ትርጉም



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ ደረጃው የማን ነው?

በኒውዮርክ ከተማ ከሚገኘው ከብሩክሊን ሃይትስ ልጀምር። ይህ ጥንታዊ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1965 በከተማይቱ የመጀመሪያው ታሪካዊ ክልል ተብሎ ተሰይሟል። ለምርምር ሥራ በቆየሁበት ጊዜ በዚያ ሰፈር በአንድ የኅብረት ሕንፃ ውስጥ ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ጎረቤቶቼ «ቤቴ» ይሉ ነበር፤ በሕግ ዐይን ግን ቤቱ የእነርሱ አልነበረም። የሕንፃው ባለቤት ነዋሪዎቹ በአክሲዮን ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ነዋሪው አክሲዮን ይገዛል፤ ከአክሲዮኑም ጋር በክፍሉ የመኖር መብት የሚሰጥ ውል ይይዛል።

የሕንፃው ግብርና የባንክ ዕዳ የጋራ በመሆኑ፣ አንዱ ወርኃዊ ክፍያውን ቢያቋርጥ ጉድለቱ በሌሎቹ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህም የተመረጠው ቦርድ አዲስ ገዢ ሲመጣ ገቢውን ይመረምራል፣ ቃለ መጠይቅ ያደርግለታል፣ ምክንያቱን ሳይገልጥም ሊመልሰው ይችላል። ከውጭ የሚታይ መስኮት ለመለወጥ ደግሞ የከተማይቱ የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልጋል። ደረጃው ንጹሕ፣ ጣሪያውም የተጠገነ የሚሆነው በዚህ ሁሉ ቁጥጥር ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ሕግ የከለከለው አድልዎ በቦርዱ ዝምታ ውስጥ ሊሸሸግ ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። የኮንዶሚኒየም ባለቤት የክፍሉ ሙሉ ባለቤት ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው ግን የሁሉም የጋራ ሀብት ነው፤ የሚያስተዳድረውም የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ማንም ጎረቤቱን የመምረጥ ሥልጣን የለውም፤ ይህን እንደ በጎ ነገር እቈጥረዋለሁ። ሆኖም በሩን ከዘጋ በኋላ ስለ ደረጃው የማይጨነቅ ባለቤት ጥቂት አይደለም።

«ሕዝባችን በጋራ መሥራት አይችልም» የሚለውን አስተያየት አልቀበልም። ለደረጃው መብራት መዋጮ የሚያቅማማው ሰው የእድሩን ክፍያ አያስተጓጉልም። በእድር ውስጥ የሚከፍለውና የሚጠቀመው አንድ ሰው ነው። በኮንዶሚኒየም ግን ብዙ ባለቤቶች ክፍላቸውን አከራይተው ሌላ ቦታ ይኖራሉ። በማኅበሩ ድምፅ ያለው ባለቤት ደረጃውን አይወጣበትም፤ ዕለት ዕለት የሚወጣበት ተከራይ ደግሞ ድምፅ የለውም።

እንግዲህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ተከራዮች በጋራ መገልገያዎች ጉዳይ የሚደመጡበት መንገድ ይበጅ። ሁለተኛ፣ የጥገና ገንዘብ ጣሪያው ማፍሰስ ከመጀመሩ አስቀድሞ ይጠራቀም፤ ሕንፃ እንደ ሰው ያረጃልና።

የሕግና የምሕንድስና ተማሪዎች ሆይ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ማታ የምትገቡት ወደ እንዲህ ያለ ሕንፃ ነው። ደረጃውን ስትወጡ የማን እንደ ሆነ ጠይቁ።