ምሕረት ወይስ ውል፦ ተከራይ ገበሬና ኪራዩ በወረርሽኝ ዘመን



የእንግሊዝ ተከራይ ገበሬ በጥንቱ ልማድ ኪራዩን የሚከፍለው በሁለት በዓላት ነው። አንዱ የብሥራት ቀን፣ ማርች 25፣ ሌላው የቅዱስ ሚካኤል ቀን፣ ሴፕቴምበር 29። እኛም ብሥራትን መጋቢት 29 እናከብራለን፤ በዓሉ አንድ ነው፣ የለያየን የቀን አቆጣጠር ነው። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የሚስም እንግሊዛዊ ገበሬ ቢያንስም የኪራይ ቀኑን ከማርያምና ከሚካኤል አላላቀቀም። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ ያዘዙት ማርች 23 ማታ ነበር። የኪራዩ በዓል የዋለው በሁለተኛው ቀን ነው።

ሆቴሉና ካፌው ተዘጋ። ለእነዚህ ወተት ሲያቀርብ የኖረ ገበሬ ግን ላሞቹን «ገበያ እስኪከፈት ቆዩ» ሊላቸው አይችልም። ያልታለበች ላም ጡቷ ይታመማል። ስለዚህ ማለቡን ቀጠለ፤ በዚያው በኤፕሪል አንዳንዱ ያለበውን ወተት መልሶ ደፋው። ሣሩ በቅሏል፣ ከብቱ ጤነኛ ነው፣ ሰውየውም አልታመመም። የጠፋው ገዢው ብቻ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በዚያው ሰሞን የወጣው የኮሮናቫይረስ አዋጅ ኪራይ ያልከፈለ ነጋዴ ከሱቁ እንዳይባረር ለጊዜው ከለከለ። ከለላው የተሰፋው ግን በ1954ቱ የንግድ ቦታዎች ኪራይ ሕግ ልክ ነበር፤ ያ ሕግ ደግሞ የእርሻ ይዞታን ከመነሻው ከአጥሩ ውጭ አስቀርቶታል። ጫማ ሻጩ ተጠለለ፤ ገበሬው ከነላሞቹ ሜዳ ላይ ቀረ። በአንጻሩ በ1986ቱ የእርሻ ይዞታዎች ሕግ የሚተዳደር ተከራይ ውዝፍ ካለበት፣ ባለመሬቱ «በሁለት ወር ውስጥ ክፈል» የሚል ጽሑፍ ሊሰጠው ይችላል። ሁለቱ ወር ካለፈ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ይከተላል። የእንግሊዝ የእርሻ መሬት ሲሶ ያህሉ በተከራይ እጅ ስለሆነ፣ ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጭንቀት አልነበረም። በሜይ ወር መንግሥት ገቢያቸው ከሩብ በላይ ለወረደባቸው ወተት አምራቾች እስከ 10,000 ፓውንድ ድጎማ አስታወቀ። መልካም ነው፤ ስለ ኪራዩ ግን ምንም አይልም።

የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል። ወረርሽኝ ሲመጣ ተከራይ ገበሬ «ኪራዬን ቀንሱልኝ» ማለት ይገባዋል? አዎን፣ ይገባዋል እላለሁ። የምጨነቀው ምን ብሎ ይጠይቅ በሚለው ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ምሕረት ነው። እኔ ደግሞ ምሕረት ለገበሬ እምብዛም አይበጀውም ባይ ነኝ።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የሮም የሕግ ሊቅ ኡልፒያን ከ1,800 ዓመት በፊት ገደማ ይህንኑ ሲመረምር ጉዳትን በሁለት ከፍሎ አየ። ወንዝ ሞልቶ ማሳውን ቢወስደው፣ የወፍ መንጋ ቢወርድበት፣ ጠላት ቢወርረው ጉዳቱ የባለመሬቱ ነው፤ ኪራዩ ይቀነሳል። የወይን ጠጁ ቢኮመጥጥ፣ ሰብሉን ትልና አረም ቢያበላሸው ግን ተከራዩ ይቻለው። በ2012 ዓ.ም. አንበጣ የወረደበት የእኛ ገበሬ ከኡልፒያን ችሎት ቢቀርብ የሚረታ ይመስለኛል። የ1804ቱ የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ መንገድ ይዞ፣ ባልታሰበ አደጋ ቢያንስ የሰብሉ ግማሽ ከጠፋ ተከራዩ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል አለ። አንድ ልጓም ግን አስገባበት፦ ያለፉት ዓመታት ምርት ጉድለቱን ካካካሰው ቅናሽ የለም። ሮማውያኑማ ከዚህም አልፈው፣ የተቀነሰው ኪራይ በሚቀጥለው የጥጋብ ዓመት ተመልሶ ሊጠየቅ ይችላል ይሉ ነበር። እንዲህ ያለው ቅናሽ ስጦታ አይደለም። የክፉውን ዓመት ጉድለት በደጉ ዓመት ትርፍ የሚያጣጣ ሒሳብ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደተደፋው ወተት እንመለስ። የደፋው ገበሬ ኡልፒያን ፊት ቢቀርብ ምን ይፈረድለት ነበር? የሚረታ አይመስለኝም። ወንዝ አልወሰደበትም፣ ወፍ አልበላበትም። ሰብሉ ከማሳው ሳይጠፋ ከገበያው ነው የጠፋው። የጥንቱ ሕግ ማሳውን እንጂ ገበያውን አያይም፤ የኮቪድ ጉዳት ደግሞ በአመዛኙ የገበያ ጉዳት ነበር። ስለዚህ ገበሬው እንደ ጥንቱ ሰው «ሕጉ ይፈቅድልኛል» ብሎ መቆም አይችልም። ያለው ምርጫ መለመን ወይም መዋዋል ነው።

ልመና የት እንደሚያደርስ ለማየት ትንሹ ፕሊኒ የጻፈውን አንድ ደብዳቤ አስቡ። ፕሊኒ ባለጸጋ ባለመሬት ነበር። ወዳጁ ጳውሊኖስ ቆንስል ሆኖ ሲሾም በበዓሉ ላይ ያልተገኘው መሬቶቹን ማከራየት ስለነበረበት እንደሆነ ይጽፍለታል። ባለፉት አምስት ዓመታት ለተከራዮቹ ብዙ ምሕረት አድርጓል፤ ውዝፉ ግን ከመቅለል ይልቅ ጨመረ። ዕዳቸውን የመክፈል ተስፋ የቆረጡት ገበሬዎች መቆጠቡን ትተው፣ ምን ይተርፈናል ብለው ማሳው ያፈራውን ሁሉ እየወሰዱ በሉት። ፕሊኒ ምን አደረገ? ምሕረቱን አልጨመረም። ኪራዩን ከገንዘብ ወደ ምርት ድርሻ ለወጠው። እኛ እኩል ወይም ሲሶ የምንለው መሆኑ ነው። ድርሻ ሲሆን ማሳው ሲጎድል የባለመሬቱም ድርሻ አብሮ ይጎድላል፤ ለማኝም መሐሪም አያስፈልግም። እርግጥ ሰውየው አውድማው ላይ የሚቆም ተቆጣጣሪ መመደቡን አልረሳም። እኩል ያሳረሰ ሁሉ ለምን እንደሆነ ያውቃል።

«ወረርሽኝ ሲመጣ እኮ ባለመሬት ራሱ ይቀንሳል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ማስረጃቸው የጥቁሩ ሞት ነው። በ1348 እና በ1349 እንግሊዝ ውስጥ ከሕዝቡ ሲሶው፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ግማሹ አለቀ። የሌስተሩ የገዳም ሰው ሄንሪ ናይተን በዜና መዋዕሉ እንደጻፈው፣ ጌቶች ተከራይ እንዳይሸሻቸው ኪራይ ማሩ፤ አንዱ ግማሹን፣ ሌላው ከዚያ በላይ ወይም በታች፣ ለአንድ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት። ነገር ግን ይህን ያደረገው የጌቶቹ ርኅራኄ አልነበረም። ሰው አልቆ መሬት ጦም ስላደረ ነው። እነዚሁ ጌቶች በ1351 ደመወዝ ከበሽታው በፊት ከነበረው እንዳያልፍ በሕግ አስረዋል። ኮቪድ ደግሞ አራሹን አልጨረሰም፤ አንድ ተከራይ ቢለቅ ሌላው ተሰልፎ ይጠብቃል። ኪራይን የሚያወርደው የበሽታው ስም ሳይሆን ከመሬትና ከአራሽ የቱ እንደበዛ ነው።

ምሕረት ከመጠበቅ ሕግ እንደሚሻል አየርላንዳውያን የተማሩት በመራራው መንገድ ነው። በ1880 በማዮ አውራጃ የሎርድ ኧርን ተከራዮች ምርቱ ስለከፋባቸው የ25 ከመቶ ቅናሽ ጠየቁ፤ ጌታው ከ10 ከመቶ አላልፍም አለ። የጌታው ወኪል ሻምበል ቻርልስ ቦይኮት ነበር። ሰዉ አደመበት፤ የሚያጭድለትም፣ የሚሸጥለትም፣ ደብዳቤ የሚያመጣለትም ጠፋ። ከሰሜን ሃምሳ ያህል አጫጆች በወታደር ታጅበው መጡለት፤ 500 ፓውንድ የማያወጣ ሰብል ለመሰብሰብ 10,000 ፓውንድ ያህል ወጣ ይባላል። ስሙ እስከ ዛሬ የአድማ መጠሪያ ሆኖ በእኛም ጋዜጦች ላይ ይጻፋል። ነገር ግን ለገበሬው የበለጠ የጠቀመው ከአንድ ዓመት በኋላ የወጣው የመሬት ሕግ ነው፤ ተገቢውን ኪራይ የሚወስን፣ ውሳኔውም ለ15 ዓመት የሚጸና ችሎት አቋቋመ። ለአንድ ዓመት ከሚሰጥ የ25 ከመቶ ቅናሽ የ15 ዓመቱ ችሎት ይሻላል።

ወደ አገራችን ልመለስ። እኛ ዘንድ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የአየርላንዱ ጌታ የለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቷል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ረቂቅ የተዘጋጀው፣ ባለመሬቱ ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። «መሬት ላራሹ» የተባለው በባዶ ሜዳ አልነበረም።

ኪራይ ግን አልጠፋም፤ ፊቱን ነው የለወጠው። ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚያከራየው በሬ የሌላት ባልቴት፣ ጉልበቱ ያለቀ ሽማግሌ፣ ልጆቹ ከተማ የገቡበት ሰው ነው። ተከራዩ ጥንድ በሬ ወይም የውኃ ፓምፕ ያለው ጎበዝ ነው። ከአከራዩ ተከራዩ ይሻላል። እንግሊዝ ውስጥ ርስተ ሰፊ ባለጸጋን «ቀንስልኝ» ማለትና እዚህ እማማን «ቀንሱልኝ» ማለት አንድ አይደለም።

በመጋቢት 2012 በሽታው ሲገባና በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የቤት ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከለከለ። የእርሻ ማሳ ኪራይን ያነሣ አልነበረም፤ እንደ እንግሊዞቹ እኛም ገበሬውን ረሳነው። እኩል የሚያርሰው ብዙ አልተቸገረም፤ እህሉ ሲታፈስ ጉዳቱም አብሮ ታፈሰ። የተቸገረው በመቂና በባቱ አካባቢ እንዳለው በጥሬ ገንዘብ ተከራይቶ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ነው። ጤፍ ጎተራ ውስጥ ዋጋ ይጠብቃል፤ ቲማቲም ምንም አይጠብቅም። ሆቴል ሲዘጋና መኪና ሲታጎል ማሳው ላይ ይፈርሳል።

ይህ ሰው ምን ብሎ ይጠይቅ? በገንዘብ ኪራይ ልማዳችን ብሩ የሚከፈለው አስቀድሞ ነው። «ቀንሱልኝ» ሲል «የበላችሁትን መልሱልኝ» ማለቱ ነው። እማማ ብሩን በልጃቸው ትምህርትና በቀለባቸው ጨርሰውታል፤ ከየት ያመጣሉ? ስለዚህ የእኛ አገር ማቅለያ በብር ሳይሆን በጊዜ ቢሆን ይሻላል። መሬቱ አለ፣ ውኃውም አለ፣ የከሸፈው አንድ ወቅት ነው። ወቅት የጎደለበት ሰው ወቅት ይጨመርለት። ይህን ደግሞ ቲማቲሙ ከፈረሰ በኋላ እየተነታረኩ ሳይሆን፣ ውሉ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ሲመዘገብ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ሳለ ይስማሙበት።

አንድ የሕግ ተማሪ ይህን ሐሳብ ስነግረው «ተከራዩ ብቻ ለምን ይጠቀማል?» አለኝ። ልክ ነው። ፈረንሳዮቹ ልጓሙን ያስገቡት ለዚህ ነው፤ ከጥጋቡ ዓመት ባለመሬቱም የሚያገኘው መኖር አለበት። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ በተለመደው የኪራይ ውል ላይ የምጨምረው ይህችን አንቀጽ ነው፦

«በመንግሥት ትእዛዝ ገበያ ተዘግቶ፣ ወይም በወረርሽኝ፣ በአንበጣ ወይም በጎርፍ ምክንያት ከአንድ ወቅት ምርት ግማሹና ከዚያ በላይ የጠፋ ወይም ያልተሸጠ እንደሆነ፣ ተከራይ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎችን ማሳው ላይ አቁሞ ያሳያል። ጉዳቱ ከተረጋገጠ አንድ ተጨማሪ ወቅት በግማሽ ኪራይ ያርሳል። የምርቱ ዋጋ ውሉ ሲጻፍ ከነበረው እጥፍ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ለአከራይዋ የኪራዩን ሩብ ይጨምራል።»

ቁጥሮቹን ተከራከሩባቸው፤ ግማሹም ሩቡም ሲሶ ሊሆን ይችላል። አሥራ አምስት ቀኑን ግን ለቲማቲም ሦስት ቀን አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ቢቆምም የሚያየው ነገር የለም።