ለታመመ ልጅ እውነቱን መንገር



የምናገረው በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ከሴንት ፖል ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ በሴንት ክሮይ ወንዝ ዳር ባለችው ሌክላንድ ስላደገ ልጅ ነው። ዛክ ሶቢየክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዳሌውን አሞት ሲመረመር ኦስቲዮሳርኮማ የሚባል የአጥንት ካንሰር ተገኘበት። 14 ዓመቱ ነበር። ይህ በሽታ ቁመታቸው በሚመዘዝበት ዕድሜ ላይ ያሉትን ልጆች አብዝቶ ይይዛል፤ ሲሰራጭም ብዙውን ጊዜ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ቀዶ ሕክምናውም ኬሞውም እየተደጋገመ ቀጠለ። በሜይ 2012 ሐኪሞቹ በሽታው ከአቅማቸው በላይ እንደሆነና የቀረው ጊዜ ቢበዛ አንድ ዓመት ያህል እንደሆነ ገለጹ። ገና 17 ዓመት የሞላው ዛክ ይህን አወቀ።

በአሜሪካ በምንኖር በእኛ በኢትዮጵያውያን ቤት ቢሆንስ? አባት አስተርጓሚውን ወደ ኮሪደር ጠራ አድርጎ፣ «እባክሽ እኅቴ፣ ይህን ለልጁ እንዳትነግሪው» ይላል። እናት ፊቷን ታጥባ፣ ፈገግ ብላ ወደ ክፍሉ ትመለሳለች። ዘመድ ሁሉ «ደህና ነህ፣ ይሻልሃል» ይለዋል። ይህን የምናደርገው ከፍቅር ነው፤ ማንንም ለመውቀስ አላነሣሁትም። ነገር ግን እዚህ አገር የተማረ የ16 ዓመት ልጅ የመድኃኒቱን ስም በስልኩ ፈልጎ ያነባል። ያውቃል። እናቱ እንዳታዝን ብሎ የማያውቅ ይመስላል፤ እርሷም እርሱ እንዳያዝን ትደብቃለች። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሁለቱም ብቻቸውን ይቀራሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ያደግን ሕዝብ፣ የበሽተኛውን በሽታ ከራሱ ከበሽተኛው እንደብቃለን።

እውነቱን ማወቁ ዛክን ምን አደረገው? እናቱ ላውራ ለቤተሰቡ የስንብት ደብዳቤ እንዲጽፍ ሐሳብ ሰጠችው፤ እርሱ ዘፈን መጻፍን መረጠ። «ክላውድስ» የተባለው ዘፈኑ በዲሴምበር 2012 በዩቲዩብ ወጣ፤ ሚሊዮኖች አዩት። ከልጅነት ጓደኛው ከሳሚ ብራውን ጋር ሙዚቃ ይሠራ ነበር። ቤተሰቡ ካቶሊክ ነው፤ እኛ ለታመመ ሰው ጠበል እንደምንሄድ ሁሉ እነርሱም ፈውስ ፍለጋ ፈረንሳይ አገር ሉርድ ድረስ ወስደውት ነበር። የለመኑት ፈውስ አልመጣም። ዛክ ሜይ 20 ቀን 2013፣ 18 ዓመት ከሞላው ከ17 ቀን በኋላ፣ በቤቱ ከቤተሰቡ መካከል ዐረፈ።

«እውነቱን ብንነግረው ተስፋው ይቆረጣል» የሚሉ እናቶች አሉ። ስጋታቸው ከባድ ነው፤ በችኮላ ልመልሰው አልፈልግም። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስለ ንጉሥ ሕዝቅያስ የሚነግረንን አስቡ። ታሞ ለሞት በተቃረበ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ እንደሚሞት በግልጽ ነገረው። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ፣ ጸለየም። በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት ተጨመረለት። ነቢዩ ደብቆት ቢሆን ኖሮ ያ ጸሎት ከየት ይመጣ ነበር? ዛክ ግን ዓመታት አልተጨመሩለትም። እምነት በፈውስ ብቻ የሚለካ ከሆነ የእርሱን ምን ልንለው ነው? እኔ እምነቱን የማየው ቀኑ ማጠሩን እያወቀ ለሌሎች በሠራው ሥራ ነው።

እውነትን መንገር ሕክምናን መተው አይደለም፤ ጠበልም አይከለክልም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ በእንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ መክረዋል።

ወደ ዛክ ልመለስ፤ ከመሞቱ በፊት በስሙ የኦስቲዮሳርኮማ ምርምር ፈንድ ተቋቁሟል፤ ከሚሊዮን ዶላር በላይም ተሰብስቦበታል። የሚያስፈልግም ነው፤ ለዚህ ካንሰር ዛሬም በዋናነት የሚሰጡት የኬሞ መድኃኒቶች ለአሥርት ዓመታት ያገለገሉት ናቸው። በአገራችንም ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ፣ በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሥርተዋል። ካንሰር በሹክሹክታ ብቻ በሚነሣበት አገር የልጃቸውን ስም ከበሽታው ስም ጋር በአደባባይ አቁመዋል። ይህን ድፍረት እጅግ አከብራለሁ።

ወላጆች ሆይ፣ ለስድስት ዓመት ሕፃንና ለ16 ዓመት ወጣት አነጋገሩ አንድ አይደለም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሕፃናት ሆስፒታሎች ለልጅ በዕድሜው ልክ ማስረዳት የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ጠይቁ። አስተርጓሚም ጠይቁ፤ ልጁ የራሱን በሽታ ለእናቱ እንዲተረጉም አታድርጉት። የንስሐ አባታችሁን በመጨረሻው ሰዓት ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ። እናንተም አባቶች ካህናት፣ ከጸሎቱ በኋላ ወላጆቹ ለጥቂት ደቂቃ እንዲወጡ ጠይቁና ልጁ የሚፈራው ምን እንደሆነ ከራሱ አንደበት ስሙ።