ዘፈንና ገበያ



አዝማሪ በመሰንቆው ሲጫወት አድማጩ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜማል። ደስ ሲለው ይሸልመዋል። ሙያና ዋጋ እዚያው ይገናኛሉ።

ሸክላ ሲመጣ ግን ድምፅ ከባለቤቱ ተለየ። ዘፋኙ ቤቱ ተቀምጦ ዘፈኑ በየቡና ቤቱ ይሰማል። ታዲያ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄው ይኸ ነው።

ነጋዴ ሁሉ የጥበብ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም። ቀድሞ በአገራችን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ግን በ1969 እ.ኤ.አ. ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረፀ። ሸክላውንም ሕንድ አገር አሳተመ። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ። እሱ ባይደፍር ኖሮ ስንት ድምፅ ሳይቀረፅ በቀረ!

በኋላ ካሴት መጣ። ካሴት ርካሽ ስለሆነ ገጠር ድረስ ገባ። ለመገልበጥም ቀላል ሆነ። ብዙ ዘፋኝ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር። ካሴቱ አንድ ሺህ ቢሸጥ፣ አሥር ሺህም ቢሸጥ ለሱ ያው ነው። በስርቆት የሚገለብጠው ደግሞ ለማንም አይከፍልም። ሙዚቃ ቤቱም ኪሳራ ፈርቶ «ቶሎ የሚሸጥ አምጣ» ይላል። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ሙሉ ባንድ የሚጫወተውን አንድ ሰው በኪቦርድ ይሠራው ጀመር። በዚህ የተጎዳው ለዜማው የሚደክመው ባለሙያ ነው። አድማጩም አብሮ ተጎዳ።

በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። በዚህ ሕግ የድርሰት ባለቤት የገንዘብ መብቱ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቅለታል። ወራሾቹም ይጠቀማሉ።

ሕግ ግን ብቻውን አይሠራም። ዛሬ ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ ለመገልበጥ ደቂቃ አይፈጅም። ላሚቱን ሳያበሉ ወተቷን መጠበቅ ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ አድማጭ የሚወደውን ዘፈን ገዝቶ ይስማ። ዘፋኝም ከመፈረሙ በፊት ውሉን ያንብብ። «መብቱን የምሸጠው ለስንት ዓመት ነው? ሽያጩ ሲጨምር የኔ ድርሻ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ። ያልገባውን ለሚያውቅ ሰው ያሳይ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ጭምር ነው።