ከአንድ ኪሎ ዝንጅብል መጀመር

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ዝንጅብልን በቤት ውስጥ በስኳር አብስሎና አድርቆ ስለ ማቆየት ነው። ነገር ግን በዚህ ትንሽ ሥራ የአንዲት እናት ጥሪት ሁሉ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ አሠራሩን ከመናገራችን በፊት የራሳችንን ስሕተት እንናገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አጥቢያ ለ10 እናቶች ዝንጅብልና ስኳር ገዝተን አከፋፈልን። ሥልጠናው የግማሽ ቀን ብቻ ነበር። እናቶቹም እኛን አምነው በአንድ ጊዜ 20 ኪሎ ሠሩ። ወሩ ሐምሌ ስለ ነበር ዝንጅብሉ በሚገባ ሳይደርቅ በላስቲክ ታሸገ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላውም ሻገተ። ስኳሩ በብድር የተገዛ ነበርና ዕዳው በእናቶቹ ላይ ቀረ። በሪፖርታችን ላይ ግን «10 እናቶች ሠልጥነዋል» ብለን ጽፈን ነበር። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ የደረሰባቸውን ግን አልተናገረም። በኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ ስንሄድ በዕድሜ የገፉት አንዲት እናት፣ በአንድ ኪሎ አስጀምረናቸው ቢሆን ኖሮ የሚበላሸው አንድ ኪሎ ብቻ እንደ ነበር በትሕትና ነገሩን። የዛሬው ንግግራችን የእኒህ እናት ምክር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ለጋ ዝንጅብል እንመርጣለን። በሚያዝያ የተተከለ ዝንጅብል ከመስከረም እስከ ኅዳር ገና ለስላሳ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጭረቱ ይበዛል፣ ለማድረቅና ለመፍጨት እንጂ ለዚህ ሥራ እምብዛም አይመችም። በሚገባ ካጠብነው በኋላ ልጣጩን በማንኪያ ጠርዝ ፍቀን፣ ወደ 3 ሚሊ ሜትር በሚሆን ውፍረት አግድም እንከትፈዋለን። ቀጥሎም ቢላ ያለ ችግር እስኪወጋው ድረስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በውሃ እንቀቅለዋለን። የማቃጠል ኃይሉ ለሚከብዳቸው ውሃውን አንድ ጊዜ መለወጥ ይበቃል። የተቀቀለበት ውሃ አይደፋም፤ ለሻይ ይሆናል።

የተቀቀለውን አጥንፍፈን እንመዝናለን፤ ስኳሩም በክብደት ከእርሱ ጋር እኩል ይሁን። ጥቂት ውሃ ጨምረን በለዘብተኛ እሳት እያማሰልን እናበስለዋለን። መድረሱን ለማወቅ ከስኳሩ ውሃ በማንኪያ ቀድተን እናቀዝቅዝ፤ በሁለት ጣት መካከል እንደ ክር ከተሳበ ደርሷል። ቴርሞሜትር ያለን እንደ ሆነ፣ አስቀድመን በዚያው ቦታ ተራ ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት እንለካ፤ በዚያ ላይ 6 ወይም 7 ዲግሪ ሲጨመር ስኳሩ ልኩን አግኝቷል። ይህን የምንለው ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በአዲስ አበባ ግን በ92 ገደማ ስለሚፈላ ነው። ለቆላ የተጻፈውን ቁጥር በደጋ የተከተለ ሰው ስኳሩን ከልኩ በላይ ያበስለዋል።

ከእሳት ካወረድን በኋላ በወንፊት እናጥልለው፤ የሚወርደው ወፍራም የስኳር ውሃ በጠርሙስ ተቀምጦ ሻይ ያጣፍጣል። ዝንጅብሉን በደረቅ ስኳር ላይ አገላብጠን፣ በንጹሕ ሻሽ ሸፍነን፣ ነፋስ በሚያገኝበት ደረቅ ቦታ ቢያንስ አንድ ሌሊት እናሳድረው። ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። እርጥብ ዝንጅብል ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ውሃ ነው። ሳይሻግት የሚቆየው ስኳሩ ያንን ውሃ ስለሚይዘውና የቀረውም በመድረቅ ስለሚወጣ ነው። ስለዚህ ከማሸጋችን በፊት ጥቂቱን ከድኖ በሚዘጋ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን እናቆየው። በዕቃው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ከታየ ገና ነው፤ ወደ ማድረቂያው ይመለስ። እኛ ያን ጊዜ ይህችን የአንድ ቀን ፈተና ታግሠን ቢሆን ኖሮ የእናቶቹ ስኳር አይባክንም ነበር።

ዝንጅብል አብቃይ በሆኑት በወላይታ፣ በከምባታና በጠምባሮ አካባቢዎች ለምትገኙ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2012 የተከሠተው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ስንቱን ማሳ ባዶ እንዳስቀረ ታውቃላችሁ። በሽታው በአፈርና በሥሩ ይተላለፋልና ልጣጩንና የታጠበበትን ውሃ ዝንጅብል በሚተከልበት ማሳ ላይ አንድፋ።

ለሽያጭ በሚቀርብበትም ጊዜ እውነቱን እንናገር። ከዝንጅብል፣ ከስኳርና ከውሃ በቀር የገባበት ስለሌለ የጾም ምግብ ነው ማለት ይቻላል፤ በሽታ ይፈውሳል ማለት ግን አይገባም። አብዛኛው ስኳር ነውና የስኳር ሕመም ያለባቸው ወገኖችም ይህን ዐውቀው ይግዙ። ዋጋውን ስንተምን ደግሞ ከዝንጅብሉና ከስኳሩ ሌላ ማገዶውን፣ ማሸጊያውንና የእናቶችን ድካም እንቍጠር። ድካም ያልተቈጠረበት ትርፍ ትርፍ አይደለም።

እንግዲህ ከሰበካ ጉባኤያት የምንለምነው ይህን ነው። ብድር ከመፈቀዱ በፊት እያንዳንዷ እናት አንድ ኪሎ ትሥራ። የዚያ ኪሎ ወጪም በኮሚቴው ይሸፈን፤ ቢበላሽ ትምህርት ይሆናል እንጂ ዕዳ አይሆንም። የተሠራውም ለአንድ ወር ተቀምጦ ይታይ። ሳይሻግት ከቆየና የቀመሱት ሰዎች ለመግዛት ከፈቀዱ፣ ያን ጊዜ ሁለተኛው ኪሎ ይቀጥል። ለሪፖርት ይዘገያል፤ ነገር ግን ሪፖርት የሚዘገይበት ወር በአንዲት እናት ላይ ከሚወድቅ የዓመት ዕዳ ይሻላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።