የሰው ምስል ከማን እንገዛለን?

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ ምሽት፣ በአዳራሽ ዕቃ ግዢ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



የመድረኩ መሪ የሰጡን ጊዜ አጭር ነው፤ የወጡም ሽታ ስለደረሰን ቶሎ ወደ ጉዳዩ እንገባለን። ስትገቡ ከበሩ በስተቀኝ የተቀመጠችውን፣ ከእንጨት የተቀረጸችውን ሴት ሁላችሁም አይታችኋታል። አንዳንዶቻችሁ ነክታችኋታል። አንዲት እናታችንማ ነጠላ አልብሰዋታል፤ ነጠላው የማን እንደሆነ እናውቃለን፣ አንናገርም። ይህች ምስል ለምን ተገዛች? ስንት ወጣባት? የሰው ምስልስ በማኅበር አዳራሽ ምን ይሠራል? የሚለው ጥያቄ ባለፉት ወራት ከቡና ላይ አልጠፋም። መልሱን ዛሬ ከነስሕተታችን እንነግራችኋለን። የምንጠራቸው ዓመታት፣ ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ጠቅላላ ጉባኤው ለኢዮቤልዩው መታሰቢያ አንድ ዕቃ እንዲገዛ ሲወስን ነው። ከፊሉ የላሊበላ ሥዕል አለ፣ ከፊሉ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አለ። ወጣቶቹ ግን «ሥዕል በየቤታችን ሞልቷል፤ ዙሪያውን እየዞርን የምናየው የሰው ቅርጽ ይሁን» ብለው ጸኑ።

ወዲያው የተነሣው ተቃውሞ የገንዘብ ሳይሆን የእምነት ነበር። «የተቀረጸ ምስል» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የለመድነው ሥዕል እንጂ ሐውልት አይደለም፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም የራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው። ስለዚህ በእጅ ማውጣት ልንጨርሰው አልፈለግንም። አንድ አባታችን ተነሥተው በላሊበላ የቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ ከዐለቱ ተፈልፍለው የቆሙትን ቅዱሳን አስታወሱን። ታሪክ ያስተምሩ የነበሩ ሌላ አባል ደግሞ ከአክሱም ብዙም ከማይርቀው ከሐውልቲ የተገኙትን፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡትን የድንጋይ ሴቶች ጠቀሱ፤ ዕድሜያቸው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ነው። ንጉሥ ኢዛና በጽሑፉ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ምስሎች ማቆሙን ተናግሯል፤ የጀርመን ተመራማሪዎችም በ1906 አክሱም ላይ የአንድ ትልቅ ሐውልት መቆሚያ ድንጋይ አግኝተዋል፤ የእግሮቹ ማረፊያ ብቻ 92 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። «ያ ጣዖት ነበር» የሚል መልስ ከኋላ ወንበር ተሰማ። ልክ ነው፣ ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ ምስሉ ለመታየት እንጂ ለሌላ አይደለም፣ ስብሰባችንን በጸሎት በምንከፍትበት ወገን ሳይሆን በመግቢያው በኩል ይቀመጣል። ለዚህ ነው በሩ አጠገብ ያያችኋት።

የሚቀጥለውን ስንናገር ትንሽ እናፍራለን። ዕቃ እንደምንፈልግ የሰማ አንድ ነጋዴ (ስሙንም ሱቁንም አንጠራም) «የሀገራችሁ ዕቃ አለኝ» ብሎ ደወለልን። ሄድን። ቁመቱ የአሥር ዓመት ልጅ የሚያህል የቆመ ወንድ ነው፤ እንጨቱ በዝናብና በፀሐይ ግራጫ ሆኗል፣ አንዱ ዓይን ነጭ፣ ሌላው ወልቆ ጎድጓዳ ብቻ፣ ግንባሩ ላይ እንደ ቀንድ ያለ ነገር ተቀርጿል። ከሀገር ቤት የመጣ ሽማግሌ የተቀበልን ያህል ልባችን ቀለጠ። ዋጋ ተከራከርን፣ ተስማማን፣ ሐሙስ ገንዘቡን ልናመጣ ተለያየን። በስልክ ያነሣነውን ፎቶግራፍ ለአባላት ስናሳይ፣ አባቷ ኮንሶ ውስጥ ካራት ከተማ አስተማሪ ስለነበሩ እዚያ ያደገች እኅታችን ምስሉን ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ቀጥላም «ይህ እኮ ዋካ ነው። ከማን መቃብር ላይ ነቅለው አመጡት?» አለችን።

ለልጆቻችን እንናገር። ኮንሶዎች ጠላት ወይም አንበሳና ነብር የገደለ ጀግና ሲሞት ምስሉን ከጠንካራ እንጨት ቀርጸው ያቆሙለታል፤ ከጎኑ ሚስቶቹን፣ የገደለውንም ያቆማሉ። ዓይኑን ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ ጥርሱን ከአጥንት ይሠሩለታል። ይህ ጌጥ አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ አባት ነው። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዋካዎቹ ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ሌሊት ሌሊት እየተነቀሉ ለቱሪስትና ለሰብሳቢ ሲሸጡ ኖረዋል። በሀገራችን ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። ነጋዴውን ወረቀት ጠየቅነው። «አሮጌ ስለሆነ ወረቀት የለውም» አለን። ሐሙስ ገንዘቡን ሳንወስድ ቀረን።

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ሰዎች መስለን በታየን ነበር። ነገር ግን «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብለን ለሚመለከተው ሳንነግር ሁለት ሳምንት ተቀመጥን፤ ፎቶግራፉን ይዘን ጉዳዩን ለማመልከት ስንነሣ ዕቃው ተሸጦ ሄዷል። የት እንዳለ አናውቅም። ያነሣነው ፎቶግራፍ ግን በማኅበሩ መዝገብ ቤት አለ።

ያ ፎቶግራፍ ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል የነገሩን ኬንያውያን ወዳጆቻችን ናቸው። በባሕር ጠረፉ የሚኖሩት ሚጂኬንዳዎችም እንደ ኮንሶ ለሞቱ ታላላቆቻቸው ቪጋንጎ የሚባል፣ ክብ ራስ ያለውና አካሉ በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተቀረጸ እንጨት ያቆማሉ። ቤተሰቡ መንደር ቢቀይር እንኳ እንጨቱ ካለበት አይነሣም። እነዚህም በብዛት ተሰርቀው በናይሮቢና በሞምባሳ በኩል ወደ አሜሪካ ሄደዋል። አንዲት ተመራማሪ በ1985 አንድ አባወራን ከሁለት ቪጋንጎ ጋር ፎቶግራፍ አንሥታው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ተሰረቁ። ከዓመታት በኋላ በአሜሪካ ሁለት ሙዚየሞች ውስጥ ተገኙና በ2007 ወደ ቤተሰቡ ተመለሱ። ማስረጃው ያ ፎቶግራፍ ነበር። አባወራው ግን መመለሳቸውን ሳያይ ሞቷል።

እንግዲህ አዲስ ሥራ፣ በሕይወት ያለ ሰው የሠራውን እንግዛ ያልነው ከዚህ በኋላ ነው። ማሰሮ ወይም ሙዳይ አሮጌ ቢሆን የማን እንደነበረ ላይገድ ይችላል፤ የሰው ምስል ግን ወይ የቀረጸው ሰው ሥራ ነው፣ ወይ የሆነ ሰው አባት ነው። ከቀራጺው ከራሱ ስንገዛ «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለን።

ስድስት ቅዳሜ ናይሮቢን ዞርን። ሃያ ዓመት የኖርንባትን ከተማ ዐይናችንን ገልጠን ያየነው ገና ያኔ ነው ብንል አንዋሽም። በኪማቲ ጎዳና በየቀኑ የምናልፈው ጠመንጃ የያዘ የነሐስ ሰው የማኡ ማኡ መሪ ዴዳን ኪማቲ ነው፤ የሠራው ኬንያዊው ኬቨን ኦዱር ሲሆን የተመረቀውም ኪማቲ ከተሰቀለ ልክ 50 ዓመት በሞላበት ቀን፣ የካቲት 18 ቀን 2007 ነው። በሞይ አቬኑ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የጆሴፍ ሙሩምቢን ስብስብ ይዟል፤ ሙሩምቢ የኬንያ ሁለተኛ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩ፣ በ1966 ሥልጣን ትተው ዕድሜያቸውን የአፍሪካን ጥበብ በመሰብሰብ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ኢስሊ ለምትኖሩት ደግሞ የሚያስደስታችሁ፦ በሰፈራችሁ ማኅበረሰብ ማዕከል ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ንጄንጋ ተራውን ሰው፣ ለማኙን፣ ተሸካሚውን፣ እናቲቱን በሸክላ ሲሠራ ኖሯል። በዚህች ከተማ የተወለደችው ዋንጌቺ ሙቱም በ2019 አራት የተቀመጡ የነሐስ ሴቶች ሠርታ በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ፊት ለፊት አስቀምጣለች፤ እነዚያ የግድግዳ ጎድጓዶች ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ ባዶ ነበሩ። ሀገር ቤትም ይህ ሙያ አልጠፋም፤ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ በዚያው ዓመት የቆመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት የበቀለ መኮንን ሥራ ነው።

ማሳይ ገበያም ሄደናል፤ መናቅ አይገባም። የካምባ ቀራጮች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከዋሙንዩ በተነሣው በሙቲስያ ሙንጌ አማካይነት የጀመሩት ሥራ ብዙ ሺህ ቤተሰብ አብልቷል። ነገር ግን እዚያ አንዱ ይጠርባል፣ ሌላው መልክ ያወጣል፣ ሌላዋ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፤ ስለዚህ ያው አንገተ ረጅም የማሳይ ጦረኛ በየመደቡ በመቶ ይቆማል። ለቤት ጥሩ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን አንድ ሰው አንድ ጊዜ ያሰበውን ነበር።

ዞጲ (እዚህ ምፒንጎ የሚሉት) ነው ተብሎ ስለሚሸጥላችሁ ጥቁር እንጨት አንድ ነገር እንጨምር፤ በዚህ ተታለን እናውቃለንና። እውነተኛ ዞጲ እንደ ድንጋይ ከባድ ነው፣ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል። ቀላል ከሆነ፣ እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ካጠቆረ፣ ቀለም የተቀባ ተራ እንጨት ነው። ከሥር ገልብጣችሁ እዩ፤ ሰው ቀለም መቀባት የሚረሳው እዚያ ነው። ወደ ካናዳና ወደ አውሮፓ የምትዘዋወሩ ደግሞ፣ የዞጲ ዘር ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ስለሆነ በአንድ ጭነት ከ10 ኪሎ በላይ ያለቀለት ሥራ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ዕወቁ። የዝሆን ጥርስ ምስል ግን በጭራሽ፤ ኬንያ በ2016 መቶ ቶን የሚያልፍ ጥርስ ናይሮቢ ፓርክ ውስጥ ያቃጠለችው በጨዋታ አይደለም።

በስድስተኛው ቅዳሜ ይህችን ሴት በአንድ ቀራጺ ግቢ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አገኘናት። ከጃካራንዳ ግንድ የተቀረጸች ናት፤ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አንድ እጇን ከወገቧ ኋላ አድርጋለች። ቀራጺው ማታ ማታ ማታቱ የሚጠብቁ ሴቶችን ሲያይ ኖሮ እንደሠራት ነገረን። ከኮሚቴያችን ሦስቱ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ «ከሥራ ስወጣ እንዲህ ነው የምይዘው» አለችና የራሷን ወገብ ያዘች። ውሳኔው ያኔ አለቀ፤ ቃለ ጉባኤው የተጻፈው በኋላ ነው።

ዋጋውን 180 ሺህ ሽልንግ አለን። እኛም እንደ ልማዳችን ግማሹን ጠራን። አልተቆጣም። የግንዱን ዋጋ፣ ግንዱ እንዳይሰነጠቅ በጥላ የደረቀበትን ሁለት ዓመት፣ የመሮዎቹን፣ የአሥራ አንድ ሳምንት ሥራውን አንድ በአንድ ቆጠረልን፤ በጋለሪ በኩል ቢሆን ኖሮ ከዋጋው ብዙ እንደሚቀነስበትም ነገረን። ከዚያ ወዲያ ለመከራከር አፋችን አልታዘዘም። እሱ ራሱ ወደ 160 አወረደልን፣ እኛም በሦስት ጊዜ ከፈልን። ቀራጺዎች እንዲህ ያለ ክፍያ ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ፤ ዋጋ ከመስበር ጊዜ መጠየቅ ይሻላል።

ከደረሰኙ ጋር ስሙ፣ ዓመቱ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ቁመቷና ፊርማው ያለበት ወረቀት ተቀብለናል። ነሐስ የምትገዙ ከሆነ ከአንድ ቅርጽ ስንት እንደፈሰሰና የእናንተ ስንተኛው እንደሆነ በወረቀቱም በነሐሱም ላይ ይጻፍ፤ «3/8» ማለት ከስምንቱ ሦስተኛው ማለት ነው። ሌላም አለ፤ ወጣቶቻችን ምስሏን በቲሸርት ላይ ሊያትሙ ፈልገው ነበር። ዕቃውን መግዛት የማባዛት መብት አይሰጥም፤ ቀራጺውን ጠየቅን፣ ለአንድ ጊዜ ፈቀደ።

ትከሻዋና ደረቷ መራቆቱን በተመለከተ የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች ተነበዋል። ነጠላው ለዚያ ነው። ቀራጺው ምን እንደሆነ ጠይቆን ስንነግረው ስቆ፣ «ቢበርዳት ነው» አለ። ይነሣ አይነሣ ገና አልወሰንንም። ከፀሐይና ከማሞቂያ ግን አርቋት፤ እንጨት ናትና ትሰነጠቃለች። ከሥሯ ዱቄት የመሰለ ነገር ያየ ሰው ነቀዝ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለጸሐፊው ይንገር።

ቀራጺው አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጧል፤ ስሙን ከራሱ አፍ እንድትሰሙት ብለን እኛ አልጠራነውም። ግቢውን ለማየት የምትፈልጉ በሚመጣው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከአዳራሹ በር ሚኒባስ ይነሣል፤ ልጆች በነፃ ናቸው። መመዝገቢያው ከነጠላዋ ሴት አጠገብ ነው።