የላንቃ መገጣጠሚያ፤ አይጥ ስለ ሰው ፊት የምታስረዳው



ድልድይ ከሁለት ዳርቻ ተጀምሮ መካከል ላይ እንዲገጣጠም ሲነደፍ፣ ሁለቱም ክንዶች እንከን ባይኖርባቸው እንኳ፣ አንዱ በጊዜው ካልደረሰ ክፍተቱ እንደማይዘጋ በዚህ አዳራሽ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። የሰው ላንቃም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው። ጽንሱ ሰባተኛ ሳምንቱን ሲይዝ፣ ከላይኛው መንጋጋ የሚያድጉ ሁለት የሥጋ ሰሌዳዎች ከምላስ ግራና ቀኝ ወደ ታች ተንጠልጥለው ይገኛሉ። ምላስ ዝቅ ሲል ሰሌዳዎቹ ተነሥተው ይጋደማሉ፤ ከዚያም ተገናኝተው ይዋሐዳሉ። ሥራው በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ካልተፈጸመ ሕፃኑ ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል። ከንፈር የሚዘጋው ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ ለብቻውም ሊሰነጠቅ ይችላል። በዓለም ላይ ከሚወለዱ 700 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ከእነዚህ ጉድለቶች አንዱ ወይም ሁለቱም ይታያሉ።

የእናት የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አጥፍቼ ነው?» የሚል ነው። ሳትጠይቀው መልስ የሚሰጣት ጎረቤትም አታጣም። በሰው ጽንስ ላይ መሞከር የማይገባ ስለሆነ፣ ሊቃውንት እውነተኛውን መልስ ፍለጋ ወደ እንስሳት፣ ከሁሉም ይልቅ ወደ አይጥ ፊታቸውን አዙረዋል። የአይጥ እርግዝና 20 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ የጽንሷም ላንቃ እንደ ሰው ጽንስ በሁለት ሰሌዳዎች መነሣትና መዋሐድ ይዘጋል።

በ1951 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሞንትሪያል ከተማ፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ክላርክ ፍሬዘር የተባሉት ሊቅ ከባልደረባቸው ጋር ለእርጉዝ አይጦች ኮርቲዞን የተባለውን መድኃኒት መስጠታቸውን አስታወቁ። ኤ ከሚባለው የአይጥ ዘር የተገኙት ጽንሶች ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ላንቃቸው ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ሲ57 ጥቁር ከሚባለው ዘር ግን ጉዳቱ የደረሰባቸው ከአምስት አንድ አይሞሉም ነበር። መድኃኒቱ ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? ኋላ በጥንቃቄ ሲመረመር፣ በኤ ዘር ሰሌዳዎቹ መድኃኒት ሳይሰጥም ዘግይተው የሚነሡ መሆናቸው ታወቀ። ኮርቲዞን ያደረገው ያንኑ መዘግየት ማብዛት ነው። ጭንቅላት በዚህ ጊዜ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ዘግይቶ የተነሣ ሰሌዳ ጓደኛውን አይደርስበትም። ጤነኛ ሆኖ የተወለደ የኤ ዘር አይጥ እንግዲህ ከገደል አፋፍ አጠገብ አልፎ ያልወደቀ ነው ማለት ነው። ሁለቱ ዘሮች ሲዳቀሉ ደግሞ፣ እናቲቱ ከኤ ዘር በሆነች ጊዜ ጉዳቱ በዝቶ ታየ። የእናት አካል ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ድርሻው እርሷም ከወላጆቿ የተቀበለችው ውርስ እንጂ ጥፋት አይደለም።

ሆኖም አይጥ ትንሽ ሰው አይደለችም። በ2002 ቫን ደር ዉድ ለሚባለው የቤተሰብ ሕመም ምክንያቱ አይ አር ኤፍ 6 የተባለው ጂን መበላሸት መሆኑ ተገለጠ። ሰው ከአባትና ከእናት ከሚወርሳቸው የዚህ ጂን ሁለት ቅጂዎች አንዱ ቢበላሽ ለሕመሙ ይበቃል። አይጥ ግን አንዱ ብቻ ሲበላሽባት ላንቃዋ አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል፤ ሁለቱም ሲበላሹባት ሕይወቷ በውልደት ያበቃል። ሚዛኑ ይህን ያህል ቢለያይም ትምህርቱ ከንቱ አልሆነም። ሁለቱም ቅጂዎች በተበላሹባቸው ጽንሶች የአፍ ውስጥ ቆዳ ያለ ቦታው ተጣብቆ ሰሌዳዎቹን ከመነሣት ሲያግዳቸው ታይቷል። ጉድለቱ በሰሌዳው ሳይሆን በሽፋኑ ላይ ሊሆን እንደሚችል ያለ አይጥ ማን ይገምት ነበር?

ጥያቄው ከሰው ተነሥቶ ወደ አይጥ የሚሄድበትም ጊዜ አለ። በዚህ ረገድ የቀደሙት ጥናቶች በአብዛኛው ከአውሮፓና ከእስያ ሕዝቦች የተገኙ ነበሩ። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ግን ከኢትዮጵያ፣ ከጋናና ከናይጄሪያ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ፣ ከላንቃ መሰንጠቅ ጋር የተያያዙ ሥፍራዎችን በ2ኛውና በ19ኛው ክሮሞዞም ላይ አመልክቷል። በ19ኛው ላይ ካለው ሥፍራ አጠገብ የሚገኘው ጂን በአይጥ ጽንስ ላንቃ ውስጥ ሥራ ላይ መሆኑም ተረጋግጧል። ይህ ምልክት ነው፤ ፍርድ አይደለም።

ላንቃው የተሰነጠቀ ጨቅላ አይጥ መጥባት ስለማይችል አንድ ቀን አይሻገርም። የሰው ሕፃን ግን በጥንቃቄ ከተመገበ፣ ላንቃው በዓመቱ ገደማ በቀዶ ሕክምና ይዘጋል። የሚቀረው «ሁለተኛው ልጅስ?» የሚለው የእናት ጥያቄ ነው። ሌላ ሕመም ካልታከለበት ጉድለቱ የመደገሙ ዕድል ከመቶ አራት ገደማ ነው። ከወላጆች አንዱ ቫን ደር ዉድ ካለበት ግን ልጁ ሕመሙን የመውረሱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ይሆናል። የዚህ ሕመም ምልክት በታችኛው ከንፈር ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ስለሆኑ፣ ሐኪሙ መልስ ከመስጠቱ በፊት የአባትንም የእናትንም ከንፈር በደንብ መመልከት ይኖርበታል።